ኤሌቬተር ውስጥ የሚገባ ሲላንት፦ የትኛው፣ የት፣ ምን ያህል?

ጥያቄው የመጣው ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው። ጠያቂው ጋራዡ ውስጥ አርቪ-7 የተባለውን የቫንስ ኩባንያ ትንሽ አውሮፕላን በእጁ እየገጣጠመ ነው። ኤሌቬተር የምንለው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዝዘውን የጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው፤ ሲላንት ደግሞ ደርቆ ጎማ የሚሆን ክፍተት መድፈኛ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የቀኙን ኤሌቬተር ዘግቼ ጨርሻለሁ፤ አሁን የግራውን ልዘጋ ነው። መመሪያው ከኋላ ጠርዙ አጠገብ፣ በስቲፍነሮቹ (ላሜራውን በሚያጠነክሩት የውስጥ ዘንጎች) ጫፍ ላይ ትንሽ አርቲቪ ሲሊኮን (በክፍል ሙቀት የሚደርቅ) አድርግ ይላል። በቀኙ ላይ ከዕቃ መደብር የገዛሁትን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ተጠቅሜያለሁ። አውሮፕላን ሠርቶ የጨረሰ አንድ ጎረቤቴ ግን ‹ሲሊኮኑን ተወው፤ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በፕሮሲል (የነዳጅ ታንክ ሲላንት) ሙላው፤ ስፓሩ (ዋናው ተሸካሚ ምሰሶ) የሚገጥምበትንም ቀባው፤ ውሃ አይገባም፣ ይጠነክራል› አለኝ። የትኛውን ልስማ? የቀኙንስ ልፍታው? ጋራዤ ደግሞ በዚህ ክረምት በጣም ይቀዘቅዛል።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሐሳብህን ላሳርፈው። የቀኙን አትፍታው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የጎረቤትህን ምክር ግን በኤሌቬተር ላይ አትከተለው። ሰውየው ክፉ አላሰበም። ከየት እንዳመጣውም የማውቅ ይመስለኛል። ግን ቦታው እዚህ አይደለም።

እኔ ብዙ ዓመት የነዳጅ ታንክ ውስጥ ተኝቼ ፕሮሲል የቀባሁ መካኒክ ነኝ። ሽታው ከልብሴ የማይለቅበት ዘመን ነበር። ስለዚህ ፕሮሲልን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ጥሩ ነገር ነው። ጅራት ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዷ ግራም «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ተብላ መጠየቅ አለባት። መልስ ከሌላት አትግባ።

ያቺ ጠብታ ሲሊኮን ምን እንደምትሠራ እንይ። የኤሌቬተርህ ላሜራ ውፍረት 0.016 ኢንች ነው፤ ወደ 0.4 ሚሊሜትር። ቀጭን ነው። ጠንካራ እንዲሆን ከውስጥ ስቲፍነሮች በሪቬት (ተመትቶ በሚያያይዝ ሚስማር) ተመትተውበታል፤ ላይኛው ላይ አንድ ረድፍ፣ ታችኛው ላይ አንድ ረድፍ። ፊት ለፊት ይተያያሉ እንጂ አይነካኩም። ወደ ኋላ ጠርዙ ሲጠጉም ከመታጠፊያው ትንሽ ቀደም ብለው ያልቃሉ። ስለዚህ በስቲፍነሩ ጫፍና በጠርዙ መካከል ምንም ደጋፊ የሌለው ጠባብ ላሜራ ይቀራል።

አሁን ፕሮፔለሩን አስብ። ባለ 2 ምላጭ ከሆነ፣ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር፣ በየሰከንዱ 80 የአየር ምት ወደ ኋላ ይልካል። በአንድ ሰዓት በረራ 288,000 ምት ነው። የዚያ የተወሰነው ጅራቱን እያገኘ ላሜራውን ያርገበግበዋል። ሰፈር ውስጥ የላላ ቆርቆሮ ጣሪያ በነፋስ ሲርገበገብ አይተህ ታውቃለህ። ቆርቆሮው መሃሉ ላይ አይቀደድም። ሚስማሩ የያዘበት ዙሪያ ነው የሚቀደደው። እዚህም ያው ነው። ስንጥቁ የሚጀምረው በስቲፍነሩ የመጨረሻ ሪቬት ዙሪያ ነው፤ ጠንካራው አልቆ ለስላሳው የሚጀምርበት ቦታ ስለሆነ።

ጠብታዋ የላይኛውንና የታችኛውን ስቲፍነር ጫፍ ታያይዛለች። ሁለቱ ላሜራዎች ለየብቻ እንዳይርገበገቡ ትይዛቸዋለች። ጎማ ስለሆነች ደግሞ መንቀጥቀጡን ትውጠዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ኮላ አይደለችም። ጭነት አትሸከምም። ኤሌቬተሩን የሚሸከሙት ሪቬቶቹ፣ ስፓሩና ላሜራው ናቸው። «ይጠነክራል» የሚለውን የጎረቤትህን ቃል የማልቀበለው ለዚህ ነው። ለስላሳ ነገር በብዛት ስለጨመርክ ብቻ ጥንካሬ አይመጣም።

የሚያመጣው ክብደት ነው። ነገሩን በቁጥር ላሳይህ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የያዝኳቸው ናቸው፤ አንተ የራስህን ለክተህ ተካ። ጠርዙ 110 ሴንቲሜትር ይሁን። ጎረቤትህ እንዳለው ብትሞላው፣ ወርዱ 3 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ከዜሮ ተነስቶ ወደ 6 ሚሊሜትር ከፍ የሚል ሽብልቅ ይሆናል። የሽብልቁን የጎን ገጽ ስፋት 1 ካሬ ሴንቲሜትር እንበለው። 110 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ማለት ነው። ፕሮሲል ከውሃ 1.6 እጥፍ ያህል ይከብዳል። 176 ግራም ሆነ።

«176 ግራም ምን አላት?» ትል ይሆናል። የተቀመጠችበትን ቦታ እይ። ኤሌቬተሩ የሚዞርበት ማጠፊያ ፊት ላይ ነው። ጠርዙ ከዚያ 35 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ይርቃል። ማመዛዘኛው እርሳስ (ከባዱ ብረት) ደግሞ ከማጠፊያው ወደ ፊት፣ በ20 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ አለ እንበል። የገበያ ሚዛን የተጠቀመ ሰው ይህን ያውቃል፤ ክንዱ የረዘመው ወገን በትንሽ ነገር ያጋድላል። 176 በ35 አባዛ። ለ20 አካፍል። 308 ግራም ተጨማሪ እርሳስ ፊት ላይ ትፈልጋለህ። አንድ ላይ 484 ግራም። ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይህ ሁሉ ደግሞ በአውሮፕላኑ መጨረሻ ጫፍ ላይ ነው። የአውሮፕላኑን የክብደት ማዕከል ወደ ኋላ ይስበዋል። ቀኙንም እንዲሁ ካደረግህ እጥፍ ነው።

በጠብታ ብታደርገው ስንት ይሆናል? እያንዳንዷ የባቄላ ፍሬ ታክል፤ 2 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር። 7 ቦታ ላይ ብታደርግ 14 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። በሲሊኮን 15 ግራም ገደማ፣ በፕሮሲል 22 ግራም ገደማ ይሆናል። በዚያው ስሌት ፊት ላይ የሚጠይቅህ እርሳስ ከ26 እስከ 39 ግራም ነው። ይኸኛው ይቻላል።

እርሳሱን ካልጨመርክስ? ፍላተር የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከማጠፊያው በስተኋላ የከበደ ኤሌቬተር፣ ጅራቱ ትንሽ ወደ ላይ ሲነሳ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል። ያ መዘግየት አየሩ ጉልበት እንዲጨምርለት ያደርጋል። ንቅናቄው ራሱን እየመገበ ያድጋል። ከተጀመረ በኋላ ለማሰብ እንኳ ጊዜ የለህም። ጅራት በሰከንዶች ውስጥ ሊሰበር ይችላል። የሆላንድ መሐንዲሶቹ ፎን ባውምሃወርና ኮኒንግ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአይለሮን (የክንፍ ጀርባ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ፍላተርን መርምረው ነበር። ያገኙት መፍትሔ ክብደቱን ወደ ማጠፊያው ማምጣት ነው። ዛሬ አንተ የምትሞርደው እርሳስ ከዚያ ሥራ የመጣ ነው። መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ሕጉ ግን አልተቀየረም።

ከክብደቱ እኩል የሚያስፈራኝ መላላት ነው። በመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. በሬኖ፣ ኔቫዳ የአየር ውድድር ላይ የሆነውን ሰምተህ ይሆናል። «ጋሎፒንግ ጎስት» የተባለው ፒ-51 አውሮፕላን ተከሰከሰ። አብራሪውና 10 ተመልካቾች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሲመረምር፣ የኤሌቬተሩን ትሪም ታብ (በኤሌቬተሩ የኋላ ጠርዝ ያለች ትንሽ ማስተካከያ ክፍል) የሚይዙት ብሎኖች ላልተው ተገኙ። የመቆለፊያ ፍሬዎቹ ውስጠኛ ቀለበት አርጅቶ ነበር። ታቡ ላላ፣ ፍላተር ገባ፣ ከዚያ ወዲያ አውሮፕላኑ ከአብራሪው እጅ ወጣ። ያ አውሮፕላን በጣም ፈጣን ነበር። ያንተ እንደዚያ አይሮጥም። ግን አንተም አሁን የምትዘጋው የግራውን ኤሌቬተር ነው፤ በአርቪ-7 ትሪም ታቡ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ልብህን ወደዚያ ስጥ። የታቡ ረጅም ማጠፊያ ሽቦ ውስጥ አንዲት ጠብታ ሲላንት እንዳትገባ። ከገባች ታቡ ይይዛል፤ ያዝ ለቀቅም ያደርጋል። ታቡ ከላላም በሲላንት አይጠገንም። የላላው ክፍል ይቀየራል፣ አለቀ።

አሁን የጎረቤትህ ምክር ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ራደሩን፣ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የጅራት ክፍል፣ ሠርተህ አልፈሃል አይደል? የአርቪ-7 ራደር የኋላ ጠርዝ እንደ ኤሌቬተሩ የታጠፈ አይደለም። ሁለት ላሜራዎች ይገጥማሉ፤ በመካከላቸው ረጅም የአሉሚኒየም ሽብልቅ አለ። ሪቬቱ ከሁለቱም ወገን ተሰምጦ ይመታል። ያ ጠርዝ ቀጥ ማለት አለበት። መመሪያው የሚፈቅደው ጠማማነት 0.1 ኢንች ነው፤ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ። ሪቬት ስትመታ ላሜራው ወደዚህም ወደዚያም ይሸሻል። እንዳይሸሽ ሰዎች ሽብልቁን ስስ ፕሮሲል ይቀቡታል። ከዚያ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም አንግል ላይ በክሊኮ (በጊዜያዊ ማያያዣ) አስረው እስኪደርቅ 2 ወይም 3 ቀን ይተዉታል። ሪቬቱን የሚመቱት ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ፕሮሲሉ ተጨባጭ ሥራ አለው። ሪቬቱ እስኪይዝ ድረስ መስመሩን ይጠብቃል። መጠኑም ስስ ንብርብር ነው፤ ትርፉ ተጨምቆ ይወጣና ይጠረጋል።

ጎረቤትህ ይህን ይመስለኛል ወደ ኤሌቬተሩ ያዞረው። ያንተ ኤሌቬተር ጠርዝ ግን ከአንድ ላሜራ የታጠፈ ነው። እዚያ የሚገጥም ነገር የለም። የሚጠበቅ መስመርም የለም፤ መስመሩን የሰጠህ ላሜራውን ያጠፍክበት ሳንቃ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚሞላው ፕሮሲል ጭነት ብቻ ነው።

ስፓሩ የሚገጥምበትን መቀባትስ? እዚህም አልስማማም። ሁለት ብረት በሪቬት ሲያዝ፣ ሪቬቱ ብረቱን ከብረቱ ጋር አጥብቆ መያዝ አለበት። በመካከሉ ወፍራም ጎማ ካለ፣ ቀጭኑ ላሜራ በሪቬቶቹ መካከል እንደ ትራስ ያብጣል። ነዳጅ ታንክ ላይ ይህን ለማስቀረት ፕሮሲሉ ሳይደርቅ፣ እየተጨመቀ ሪቬት ይመታል። ያንን የምናደርገው ነዳጅ ስላለ ነው። ኤሌቬተር ውስጥ ነዳጅ የለም። አንድ ቀን ላሜራ መቀየር ቢኖርብህም፣ ፕሮሲል የተቀባ መጋጠሚያ መፍታት ምን ያህል ሥቃይ እንደሆነ እኔ ልንገርህ። ብረቱ ይጣመማል እንጂ እሱ አይለቅም።

የብረቱ መበላት ካሳሰበህ መልሱ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መከላከያ) ነው። የሚነካኩትን ገጾች አጽድተህ ስስ ኢፖክሲ ፕራይመር ቀባ። ይበቃል። አይለሮን ስትደርስ በተለይ ይህን አስታውስ። የአይለሮኑ ማመዛዘኛ የብረት ቧንቧ ነው። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ካገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። ቧንቧውን ሳትቀባ እንዳታስገባ።

«ውሃ አይገባም» የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ነው። ውሃ ይገባል። የቱንም ያህል ብትዘጋ ይገባል። አውሮፕላን ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ይወጣል፤ ሲወርድ እርጥብ አየር ይስባል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሆናል። ጤዛው ወደ ታች ይንጠባጠባል። ስለዚህ ትግላችን ውሃውን እንዳይገባ መከልከል አይደለም። የገባው እንዲወጣ ነው። መውጫ ቀዳዳዎቹ ክፍት ይሁኑ። ሲላንት ከስቲፍነር እስከ ስቲፍነር ከተሞላ፣ በየክፍሉ ትንንሽ ኩሬ ትሠራለህ። ዴንቨር ክረምት ውስጥ ያ ኩሬ በረዶ ይሆናል። ከማጠፊያው በስተኋላ፣ በጠዋት በረራ ላይ፣ ማንም ያላመዛዘነው ክብደት ይቀመጣል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ለምርመራ የመጣ ራደር ሳነሳ ውስጡ ነገር ሲንሸራተት ሰማሁ። የወደቀ ሪቬት መሰለኝ። ሳዘነብለው ውሃ ነበር። ቀለም የቀባው ሰው የታችኛውን ቀዳዳ በማሸጊያ ደፍኖታል፤ «ክፍተት መስሎኝ ነው» አለ። ሰውየውን አልወቀስኩትም፣ ማንም አልነገረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማንኛውንም የመቆጣጠሪያ ገጽ ስጨርስ በእያንዳንዱ መውጫ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አሳልፋለሁ። አንተም ልመድ።

አሁን ወደ ምርጫው። ሲሊኮን ነው ወይስ ፕሮሲል?

ሲሊኮን ሁሉ አንድ አይደለም። ቱቦውን ስትከፍት እንደ አቼቶ የሚሸት ከሆነ፣ ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። ያ ለመታጠቢያ ቤት ሰድር ችግር የለውም። ለራቁት አሉሚኒየም ግን ጥሩ አይደለም፤ ብረቱን ሊበላው ይችላል። አቼቶ የማይሸት፣ ገለልተኛ የሚባል ሲሊኮን አለ። ለኤሌክትሮኒክስና ለብረት ተብሎ ይሸጣል። ሲሊኮን የምትጠቀም ከሆነ ያንን ነው የምትገዛው።

ሁለተኛው የሲሊኮን ችግር ቀለም ነው። ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ ቀለም አይዝም። ቀለሙ ይሸሻል፣ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ክፋቱ ጠብታው ባለበት ብቻ አለመቅረቱ ነው። ጓንትህ ይነካዋል፣ ጓንትህ መሮውን ይነካል፣ ከዚያ ውጭኛውን ላሜራ ትይዛለህ። ከዓመት በኋላ ቀለም ቀቢው ይጮኽብሃል። ስለዚህ ሲሊኮን ከነካህ ጓንቱን ወዲያው ጣለው። ጠረጴዛውን በወረቀት ሸፍን። ፕራይመር መቀባት ያለበት ነገር ካለ መጀመሪያ ጨርስ።

ሦስተኛው ያንተን ከተማ ይመለከታል። አርቲቪ ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር በሚወስደው እርጥበት ነው። በመደበኛ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ በቀን 3 ሚሊሜትር ያህል ይዘልቃል። የዴንቨር የክረምት አየር ደረቅ ነው። በዚያ ላይ ጠብታውን ጠባብ ቦታ ውስጥ ትዘጋበታለህ። ውስጡ ለብዙ ቀን ጥሬ ሊቆይ ይችላል። መጨረሻው ደርቆ ይገኛል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ፕሮሲል በሌላ መንገድ ነው የሚደርቀው። መሠረቱ ፖሊሰልፋይድ ነው፤ በ1920ዎቹ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ጆሴፍ ፓትሪክ የሚባል ኬሚስት ያገኘው ዓይነት ጎማ። ሁለት ነገር ታቀላቅላለህ፤ ነጣ ያለ መሠረትና ጥቁር ማድረቂያ። ብዙዎቹ በክብደት 10 ለ 1 ናቸው፤ ያንተ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ግን አንብብ። በዓይን አትገምት። አንድ አሥረኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ግዛ፤ ርካሽ ነው። ጥቁሩ ጭረት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋና አንድ ዓይነት ግራጫ እስኪሆን አዋህደው። ዳርና ዳሩን እየፋቅህ።

ማሸጊያው ላይ «ቢ-2» ወይም «ቢ-½» የሚል ታያለህ። ቢ ማለት ወፈር ያለ፣ በስፓቹላ የሚቀባ ነው። ኤ በብሩሽ የሚቀባው ቀጭኑ ነው፤ ላንተ አይሆንም፣ ይፈሳል። ቁጥሩ የሥራ ሰዓቱ ነው። ቢ-2 ለ2 ሰዓት ይሠራልሃል፤ ቢ-½ ለግማሽ ሰዓት። ይህ ግን በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በየ5.5 ዲግሪው ሲቀዘቅዝ ጊዜው በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ሲሞቅ በግማሽ ይቀንሳል። ጋራዥህ 5 ዲግሪ ከሆነ፣ በ3 ቀን ይደርቅ የነበረው ወር ገደማ ሊፈጅ ነው ማለት ነው። በዚያ ቅዝቃዜ በደንብ ይደርቃል ብለህም አትመን።

ምርጫዬ ምን መሰለህ? አንተ ቦታ ብሆን ለግራው ኤሌቬተር ፕሮሲል እጠቀማለሁ፤ ግን በባቄላ መጠን ብቻ። ተዘግቶም ይደርቃል፣ ብረቱን አይበላም፣ ቀለም ቀቢው አይጣላኝም። በጥቂት ግራም ይከብዳል፤ ያንን በእርሳሱ አስተካክላለሁ። ፕሮሲል ከሌለህና ለዚህ ብቻ ውድ ጣሳ መግዛት ካልፈለግህ፣ ገለልተኛው ሲሊኮን በቂ ነው። መመሪያው ራሱ አርቲቪ ነው የሚለው። በዚህ ጉዳይ የሚጣላ ሰው ሁሉ ትርፍ ነገር ላይ ነው የሚጣላው።

ኤሌቬተሩን ወደ ቤት አስገባው። ትንሽ ነው፣ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ይበቃዋል። ባለቤትህን ግን ስለ ሽታው ቀድመህ አስፈቅድ፤ ሰልፈር ነው የሚሸተው። ወይም ጋራዡ ውስጥ በካርቶንና በብርድ ልብስ ትንሽ ድንኳን ሠርተህ በመብራት አሙቀው። ከ50 ዲግሪ እንዳያልፍ ቴርሞሜትር አስገባ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። ለማጽጃ ኤምኢኬ የሚባለውን ሟሟ ትጠቀም ይሆናል። በጣም ተቀጣጣይ ነው፤ እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል። ብዙ የአሜሪካ ጋራዦች ውስጥ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ አለ፤ ታች በኩል ትንሽ እሳት ሁልጊዜ ይነድበታል። የጋዝ ማሞቂያ፣ ቅዝቃዜ ስለሆነ የተዘጋ በርና ኤምኢኬ አንድ ላይ አይሆኑም። እሳቱን አጥፋ፣ በሩን ክፈት፣ አጽዳ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ጠብቅ። ሙቀቱን ከዚያ በኋላ መልሰው። ለኤምኢኬ የሚሆን ጓንትና መነጽር ሳታደርግም አትጀምር።

አሠራሩ አጭር ነው። የስቲፍነሮቹን ጫፍ በሟሟ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፤ ሟሟው በራሱ ከመድረቁ በፊት በደረቅ ጨርቅ አንሳው። ቆሻሻው ሟሟው ውስጥ ነውና ደርቆ ተመልሶ እንዳይቀመጥ። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የባቄላ ያህል ይዘህ የላይኛውንና የታችኛውን ስቲፍነር ጫፍ እንድትነካ አስቀምጣት። ሁለቱን ካልነካች ሥራ የላትም፤ ክብደት ብቻ ናት። በእጅ ባትሪ እያየህ አረጋግጥ። ከየጠብታው ጎን ውሃ የሚያልፍበት መንገድ ይኑር። ላሜራውን አጥፈህ ወደ ትክክለኛ ቅርጹ ስታመጣው ትጨመቃለች፤ ጥሩ ነው። ስፓሩና ሪቦቹ (የውስጥ ጎድኖቹ) በክሊኮ ታስረው፣ ኤሌቬተሩ ሳይጣመም ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተኝቶ ይድረቅ። ተጣሞ ከደረቀ ጠብታዎቹ ያንን ጠማማነት ይዘው ይቀራሉ።

ከተቀላቀለው የተረፈውን አትጣል። በአንድ የላሜራ ቁራጭ ላይ የባቄላ ያህል አድርገህ ከኤሌቬተሩ አጠገብ አስቀምጠው። ውስጡን ማየት አትችልም፤ ቁራጩ ግን ይነግርሃል። በጥፍርህ ስትጫነው እንደ ጠንካራ ጎማ ከመለሰልህ ደርቋል። ካልደረቀ የውስጡም አልደረቀም፣ ጠብቅ። ዕቃ ያለፈበት ከሆነ ወይም ልኬት ከተሳሳትክም የሚያጋልጥህ ይኸው ቁራጭ ነው።

አሁን ቀኙ። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አድርገህ ዘግተኸዋል። ለምን አትፍታው አልኩህ? አሲዱ የሚወጣው በሚደርቅበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያቆማል። መጠኑ ትንሽ ነው። ላሜራህ አልክላድ ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም ከላይ ለብሷል። በዚያ ላይ ፕራይመር ቀብተህ ከነበረ አሲዱ ብረቱ ጋር መድረሱ ራሱ አጠያያቂ ነው። በሌላ በኩል መፍታት ማለት ብዙ ሪቬት በመሰርሰሪያ ማውጣት ነው። በ0.4 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ ጥቂት ቀዳዳ መስፋቱ አይቀርም። ሊደርስ ይችላል የምትለውን ትንሽ ጉዳት ለማስቀረት እርግጠኛ ጉዳት ታደርሳለህ። አይመዛዘንም።

ማድረግ ያለብህ ግን አለ። ማስታወሻ ደብተርህ ላይ በግልጽ ጻፈው፤ ምን ዓይነት ሲሊኮን፣ መቼ፣ ስንት ቦታ። ስልክ ላይ የሚሰካ ቀጭን ካሜራ ገዝተህ በክፍቱ ቀዳዳ አስገባና ዛሬ ያለውን ፎቶ አንሳ። በየዓመቱ ምርመራ ስታደርግ ያንኑ ቦታ እይ። በጠብታዎቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ወይም ያበጠ ነገር ካየህ መበላት ነው፤ ያኔ መፍታት ተገቢ ይሆናል። ከውጭ ደግሞ የየስቲፍነሩን የመጨረሻ ሪቬት ዙሪያ በማጉያ መነጽር ተመልከት። ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ አትብረር።

ቀኙና ግራው የተለያየ ሲላንት መያዛቸው አያሳስብህ። እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘናል። ጠብታዎቹ ሳይገቡ ጽዋውን መዝን፣ ከገቡ በኋላ የቀረውን መዝን፤ ልዩነቱን ደብተርህ ላይ አስቀምጥ። እርሳሱን ግን አሁን ቆርጠህ እንዳትጨርስ። ቀለምም ክብደት ነው፤ አብዛኛውም ከማጠፊያው በስተኋላ ያርፋል። ትርፍ እርሳስ ይዘህ ቆይ። ቀለሙ ደርቆ፣ ታቡና ዘንጎቹ ተገጥመው፣ ማጠፊያው ያለ ምንም መያዝ ሲዞር፣ ያኔ አመዛዝን። ካነሰ መጨመር ይከብዳል፤ ከበዛ ሞርደህ ታወጣለህ።

ለጎረቤትህም ሰላም በልልኝ። ራደሩን እንዴት ቀጥ እንዳደረገው ጠይቀው፤ እሱ ላይ ብዙ የሚያስተምርህ ይመስለኛል። ፕሮሲሉን ከእሱ ጣሳ 30 ግራም ቢሰጥህ ለግራው ኤሌቬተር ከነሙከራ ቁራጩ ይበቃሃል። ጣሳው ጊዜው እንዳላለፈ ግን ቀኑን አይተህ፣ መጀመሪያ ቁራጩን ብቻ አድርቀህ ሞክር።